ውኃ በፈረቃ፣ መብራት በድንገት፦ የኤሌክትሮላይዘር ዕድሜ ከልደታ ሲታይ

ውኃን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን መለየት አዲስ ጥበብ አይደለም። እንግሊዛውያኑ ዊሊያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1800 አሳይተውታል፤ ዛሬም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በባትሪና በሁለት ሽቦ ሊደግመው ይችላል። አስቸጋሪው ነገር አንዱ መሣሪያ ይህንኑ ሥራ ለአሥር ዓመት ያህል ሳይዳከም እንዲሠራ ማድረጉ ነው።

የመዳከሙ ልክ በቁጥር ሲታይ ኢምንት ይመስላል። አንድ ሴል በ1.8 ቮልት ሥራውን ጀምሮ እርጅና በየሰዓቱ 5 ማይክሮቮልት ይጨምርበታል እንበል። በአንድ ወር ውስጥ የሚጨምረው 4 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ከ80,000 ሰዓት በኋላ ግን ሴሉ 2.2 ቮልት ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለማምረት የሚፈጀው ኃይልም ከ48 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወደ 58 ተኩል ከፍ ይላል። ውኃው ያው ነው፤ ሃይድሮጂኑም ያው ነው፤ የጨመረው ወጪው ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ገበሬው የሚጠቀምበት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የዩሪያ መነሻ አሞኒያ፣ የአሞኒያም መነሻ ሃይድሮጂን ነው። በሌላ በኩል 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በወንዝ ኃይል ከውኃ ሃይድሮጂን፣ ከሃይድሮጂንም ማዳበሪያ መሥራት በዓባይ ሸለቆ ራሱ የተሞከረ መንገድ ነው፤ በአስዋን የሚገኘው የኪማ ፋብሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚህ ዘዴ ሥራ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል፤ ኋላም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ከእርሱ ቀደም ብሎ ኖርዌይ በፏፏቴዎቿ ኃይል ተመሳሳይ ፋብሪካዎችን አቁማ ነበር። የኖርዌይ መሣሪያዎች ረጅም ዕድሜ ካገኙባቸው ምክንያቶች አንዱ በዝቅተኛ ጫና፣ ቀንና ሌሊት እምብዛም ሳይቆሙ መሥራታቸው ነው።

ዛሬ ኤሌክትሮላይዘሮች ከፀሐይና ከነፋስ ኃይል ጋር ወይም ከሚቆራረጥ መስመር ጋር እንዲሠሩ ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን ኑሮ ለመረዳት ልደታ ኮንዶሚኒየም ጥሩ አስተማሪ ነው። ነዋሪው በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል። ከረጅም መቋረጥ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደውን ዝገት የቀላቀለ ውኃ ለመጸዳጃ ቤት ያውለዋል እንጂ አይጠጣውም። በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቢያገኝም አይደነግጥም፤ ይፈቀፍቀዋል።

በስሌት ደረጃ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለማግኘት 9 ሊትር ውኃ ስለሚበቃ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሁለት ኪሎ በላይ ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሮላይዘር ቅርፊቱን መፈቅፈቅ፣ ዝገቱንም መድፋት አይችልም። በፕሮቶን አሳላፊ ሜምብሬን በሚሠራው ዓይነት ካልሲየምና ማግኒዚየም በሜምብሬኑ ውስጥ የፕሮቶኖችን ቦታ ይይዛሉ፤ የሴሉም ቮልቴጅ ይጨምራል። የብረት አዮን ይብሳል፤ በሴሉ ውስጥ ከሚፈጠረው ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ሜምብሬኑን የሚቆራርጡ ራዲካሎችን ያመነጫል። ስለዚህ ከለገዳዲ ግድብም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ለሰው ንጹሕ የተባለ ውኃ ለመሣሪያው ንጹሕ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲሜትር ከ1 ማይክሮሲመንስ በታች እስኪወርድ መጣራት አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት የመብራት ነው። የልደታ ነዋሪ መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ሶኬት ይነቅላል፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ጉዳቱ የሚደርሰው በመጥፋትና በመመለስ ቅጽበት መሆኑን ከልምድ ያውቃል። በአልካላይን ኤሌክትሮላይዘርም እንዲሁ ነው። ሴሎቹ በጋራ የኤሌክትሮላይት መተላለፊያ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ቁልሉ ራሱ ለጥቂት ጊዜ እንደ ባትሪ ሆኖ ወደ ኋላ የሚፈስ ጅረት ያመነጫል። በዚህም ለካቶድነት የተሠራው ኒኬል ባልተሠራለት ሁኔታ ይኦክሳይዳል፤ ይህ ሲደጋገም ገጹ ይጎዳል። ኃይሉ ሳይጠፋ በጣም ሲቀንስም ሌላ ችግር ይመጣል፤ የሚመረተው ኦክስጅን ስለሚያንስ ወደ እርሱ የሚሾልከው ሃይድሮጂን ድርሻ ይጨምርና፣ ሊቀጣጠል ወደሚችልበት 4 በመቶ ሊጠጋ ይችላል።

መድኃኒቶቹ የሚታወቁ ናቸው። በመሣሪያው ውስጥ የሚዘዋወረውን ውኃ ያለማቋረጥ በአዮን ለዋጭ ሬዚን ማጥራት፣ መብራት ሲጠፋ ከባትሪ አነስተኛ መከላከያ ጅረት መስጠት፣ የተገላቢጦሽ ጅረትን የሚቋቋም የካቶድ ሽፋን መሥራት፣ የአኖዱ ወገን ታይታኒየም እንዳይኦክሳይድ በፕላቲነም መለበጥ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ሁሉም ዋጋ አላቸው፤ የትኛው ዋጋውን እንደሚያወጣ የሚታወቀው ግን መሣሪያው በሚኖርበት ሁኔታ ሲፈተን ነው።

በዚህ ላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። አዲስ ካታሊስት ሠርቶ ቮልቴጁ ዝቅ ማለቱን ማሳየት በሳምንታት ሊያልቅ ይችላል፤ ጽሑፉም ቶሎ ይታተማል። የዕድሜ ፍተሻ ግን ወራት ይፈጃል፤ ዓመቱ 8,760 ሰዓት ሲሆን በርካታ ጽሑፎች የሚያቀርቡት የጽናት ማስረጃ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት መቶ ሰዓታት ብቻ ነው። ፍተሻው በ300ኛው ሰዓት በመብራት መጥፋት ቢቋረጥ፣ ተማሪው ውጤቱን ጥሎ እንደገና ለመጀመር ይገደዳል፤ የመመረቂያው ጊዜ ግን አይጠብቀውም። ቤቱ ሲገባም ያንኑ መብራት ጠፍቶ ያገኘዋል።

ነገር ግን ያ መቋረጥ የምርምሩ እንቅፋት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ኤሌክትሮላይዘሩ ነገ በዚህች ሀገር የሚገጥመው ይኸው ከሆነ፣ መቋረጡ ራሱ መለኪያ ነው። መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የቆየበት ጊዜ፣ ከመቋረጡ በፊትና በኋላ የተነበበው ቮልቴጅ፣ በውኃው ውስጥ የነበረው የብረት መጠን ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ የተበላሸ የመሰለው ሙከራ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ መረጃ ይሆናል። ኃይል በማይቆራረጥበት ሀገር ያለ ተመራማሪ ይህን ሁኔታ በላቦራቶሪ አስመስሎ መፍጠር አለበት፤ በአዲስ አበባ ግን ሳይጠሩት ይመጣል።

ለዚህ የሚያስፈልገው በቅድሚያ ውድ ዕቃ አይደለም። በራሱ ባትሪ የሚሠራ መመዝገቢያ፣ የውኃ አስተላላፊነት መለኪያና የተቋረጠን ሙከራ እንደ ውድቀት የማይቆጥር አማካሪ ያስፈልጋል። የትምህርት ክፍሎችም ፍተሻውን በአንድ ተማሪ ሁለት ዓመት ከመገደብ ይልቅ፣ ያው ሴል ከተመራቂው ወደ ተከታዩ ተማሪ ከነመዝገቡ እንዲተላለፍ ቢያደርጉ፣ 20,000 ሰዓት የማይደረስበት ቁጥር አይሆንም። ያን ጊዜ አንድ ኤሌክትሮላይዘር ለግዢ ሲቀርብ፣ ስንት በመቶ ውጤታማ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣና ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደ ደከመ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በራሱ መዝገብ የሚያመሳክር ባለሙያ በሀገር ውስጥ ይኖራል።