ጨለማው በር

ፎቶው ላይ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ኦርጋኑ ነው። በእግር እየተረገጠ አየር የሚሞላ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል የእንጨት ዕቃ። የቆመው ግን ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ከብት የሚውልበት ግቢ ላይ ነው። ቤተሰቡ የክት ልብሱን ለብሶ ዙሪያውን ተደርድሯል። ቤቱ የለም።

ቤቱ የሌለው ሆን ተብሎ ነው። ጊዜው የ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ የአሜሪካኖቹ ዓመት በሙሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው)፤ ቦታው ነብራስካ፣ ከስተር ካውንቲ። ቤተሰቡ ሂልተን ይባላል። ወይዘሮዋ ርቀው ለቀሩት ወዳጆቿ ፎቶ መላክ ፈልጋለች። ኦርጋን እንዳላት ይዩላት፤ የምትኖርበትን የአፈር ቤት ግን እንዳያዩባት። ስለዚህ ያንን ግዙፍ ዕቃ ጎትተው አወጡት፣ ፎቶው ተነሣ፣ ከዚያ ጎትተው መለሱት።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እማዬን ነዋ ያየሁት! እሷጋ እንደርሳለን።

ፎቶ አንሺው ሰለሞን ቡቸር ይባላል። በ1880 ከአባቱ ጋር በጋሪ ነብራስካ ገባ። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ሰው 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር፤ በኛ በድሮው ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ማለት ነው። ዋጋው ትንሽ የመመዝገቢያ ገንዘብና 5 ዓመት ኖሮ ማልማት ብቻ። ቡቸር መሬቱን ወሰደ፣ ግብርናውን ቀመሰው፣ ብዙም ሳይቆይ መለሰው። ሐኪም ልሁን ብሎ ሚኒሶታ ሄደ፤ እሱንም ተወው። ኋላ ደግሞ የራሱን መድኃኒት ለመሸጥም ሞክሯል፤ የነዳጅ ዘይት መፈለጊያ መሣሪያም አስቦ ነበር። በዛሬ ቋንቋ፣ ሲቪው ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ የማይገናኙ፣ የከፈተው ስታርታፕ ሁሉ የሚዘጋበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ አለ? እኔ ከኮሌጅ ጓደኞቼ ብቻ ሦስት አውቃለሁ።

በ1886 ግን የማይለቀው ሐሳብ መጣለት። የካውንቲውን ታሪክ፣ ያቀኑት ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ ከአፋቸው ጽፎ ከነፎቷቸው መጽሐፍ ማድረግ። ከስተር ካውንቲ ከ6,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቡቸር በፈረስ ጋሪ፣ ካሜራውንና መስታወቶቹን ጭኖ፣ ከቤት ቤት ዞረ። «መስታወት» ያልኩት በቀጥታ ነው፤ ያኔ ፊልም ሳይሆን ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል የተቀባ ጠፍጣፋ መስታወት ነበር የሚጠቀሙት። በዕድሜው ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ መስታወቶች ተርፈውለታል።

ቤቶቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ካልተረዳን ፎቶዎቹም አይገቡንም። አካባቢው ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። እንጨት ከሩቅ ይመጣል፤ ውድ ነው። ስለዚህ ሰፋሪው ሥሩ የተጠላለፈውን የሣር መሬት በማረሻ ገልብጦ፣ እንደ ጡብ እየቆረጠ፣ ሣሩን ወደ ታች እያዞረ ይደረድራል። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው። በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ይሞቃል፤ መስኮቱ ግን ትንሽ ነው፣ ውስጡም ጨለማ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈሳል። ውጭ ካባራም በኋላ ውስጥ መንጠባጠቡ ይቀጥላል። ከጣሪያው አፈር ይረግፋል፣ አንዳንዴም እባብ ይወርዳል። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ከጣሪያው ሥር ስስ ጨርቅ ወጠሩ፤ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጠፉ።

እዚህ ጋ ንባቤን አቆምኩ። አቡጀዲ ኮርኒስ! ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ! እኔ ያደግኩበትን ቤት ነው የሚያወራው። ቤቶቹ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ የኛ ጭቃና ጭድ ነው፣ የነሱ ከነሥሩ የተቆረጠ ሣር። ግን ከላይ የሚረግፍ አፈር ያለባት ሴት የትም ብትሆን ጨርቅ ትወጥራለች።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። አብዛኞቹ የሚነሡት ደጅ ነው። አንደኛ ነገር የዚያን ጊዜ መስታወት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ የዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃን የለም። ሁለተኛው ምክንያት የሰዎቹ ነው። ቤተሰቡ በሩ ፊት ይሰለፋል፣ የሚኮራበትን ሁሉ ያወጣል። ፈረሱን፣ በቅሎውን። የሮዲንግ ቤተሰብ በ1886 ጠረጴዛ አውጥቶ ሐብሐብ አስቀምጦበታል፤ ቤቱ ኮረብታው ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ከጣሪያው በላይ ላም ቆማ ትታያለች። በዚያው ዓመት የተነሣ ሌላ ፎቶ ላይ አራት እህትማማቾች፣ የክሪስማን ልጆች፣ ቤታቸው ፊት ቆመዋል። ሕጉ 21 ዓመት የሞላት ያላገባች ሴት በራሷ ስም መሬት እንድትይዝ ይፈቅድ ስለነበር እነዚህ ልጆች የማንም ጌጥ ሆነው አይደለም የቆሙት። አቋቋማቸውም ይናገራል።

እኔን ግን ረጅም ጊዜ የያዘኝ የሾርስ ቤተሰብ ፎቶ ነው፤ 1887። ጥቁሮች ናቸው። አባወራው ጄሪ ሾርስ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። በዚያው አካባቢ ሞዝስ ስፒስ የሚባል ሌላ ሰፋሪ አለ፤ እሱም ከነቤተሰቡ ፎቶ አለው። ሁለቱን ስሞች ለብቻ ብታዩ ምንም የማይገናኙ ሰዎች ይመስሏችኋል። ወንድማማቾች ናቸው። የአባት ስማቸው የተለያየው እያንዳንዱ የቀድሞ ባለቤቱን ስም ይዞ ስለቀረ ነው። አሁን እነዚህን ፎቶዎች ፊት የሚለይ ፕሮግራም አስገቡበት፤ ጥሩ ከሆነ ምናልባት «ይመሳሰላሉ» ይላችኋል። ለምን ስማቸው እንደተለያየ ግን ከየትኛውም ፒክሰል አይወጣም። አንድ ሰው ጠይቆ መጻፍ ነበረበት።

ቡቸር ይጠይቅ ነበር። ይጽፍም ነበር። በ1899 ቤቱ ተቃጠለ። የታተሙት ፎቶዎችና የሰበሰባቸው የሕይወት ታሪኮች አመድ ሆኑ። መስታወቶቹ ተረፉ፤ የተቀመጡት እህል ማከማቻ ውስጥ ነበርና። እኛ ባክአፕን ሌላ ቦታ አስቀምጡ እያልን ስንጨቀጭቅ የምንውለው ለዚህ ነው። የጎደለውን እንደገና ሰብስቦ፣ አንድ ሀብታም ከብት አርቢ ገንዘብ አግዞት፣ በ1901 መጽሐፉን አወጣው። እንዲህ ሁሉ ለፍቶም አንዳንዱን ትርኢት በትወና ሠርቶታል። ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የትልቅ ርቢ ጣቢያ አጥር ሲቆርጡ የሚያሳየው ታዋቂ ፎቶ፣ ድርጊቱ በ1885 ከተፈጸመ ከብዙ ዓመት በኋላ የተነሣ ድራማ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲሰማ ይበሳጫል። እኔ አልተበሳጨሁም፤ ኦርጋን ሜዳ ላይ ማውጣትስ ምንድን ነው?

ቡቸር በ1927 ሞተ፤ ሲሞት ሥራዬ ከንቱ ቀረ ብሎ ያስብ ነበር ይባላል። መስታወቶቹን የነብራስካ ታሪክ ማኅበር ይዟቸው ቀረ። እዚህ ላይ የኔ ሙያ ይገባል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ማኅበሩ መስታወቶቹን በከፍተኛ ጥራት ስካን ማድረግ ጀመረ፤ ሥራው ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጋር በጋራ ለሕዝብ ተለቀቀ። ስካን የተደረገው ወረቀቱ ሳይሆን መስታወቱ ራሱ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። የፎቶ ወረቀት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ሁሉ መሸከም አይችልም፤ በጣም የጨለመውን «ጥቁር» ብሎ ይደፍነዋል። መስታወቱ ላይ ግን ጨለማ የሚመስለው ቦታ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብር ይዟል። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለስካነር ግን ቁጥር ነው። 3 እና 7 ሁለቱም ለኛ ጥቁር ናቸው። ለኮምፒውተር አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል። የጨለማውን ክፍል ብቻ ወስዶ መለጠጥ ነው፤ አስማት የለውም።

ሲለጥጡት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ጥቁር ሆነው የኖሩ በሮች ተከፈቱ። በአንዳንዶቹ ውስጥ የቤት ዕቃ ታየ።

ዛሬ «አሻሽል» የሚል ቁልፍ ያለው መተግበሪያ ሁሉ ይሄን የሚያደርግ ይመስላል፤ አያደርግም። እነዚህ ያልነበረ ቅንድብ ይሠራሉ፣ ያልነበረ ጥርስ ይተክላሉ፤ ገምተው ይስላሉ። ያኛው መስታወቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው ያወጣው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ ምሳዬን ትቼ እከራከራለሁ።

ግን እውነትም ስለሆነ ነው የሚከብደው። እነዚያ ሰዎች በሩ ፊት ሲሰለፉ ውስጡ አይታይም ብለው ነበር። ካሜራው እንደማያይ ያውቃሉ። ጠረጴዛው ወጥቷል፣ ፈረሱ ታጥቧል፣ ልጆቹ ተበጥረዋል፤ ያልተነጠፈው አልጋና የጠቆረው ምድጃ ከኋላ ጨለማ ውስጥ ነው። እኛ መጥተን መብራት አበራን። ወይዘሮ ሂልተን ብልህ ነበረች፤ በሩን ጨርሶ ከፎቶው አስወጣችው። ሌሎቹ አላሰቡትም።

በሌላ በኩል የሴቶቹ ኑሮ ያለው በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ደጅ ያለው ማሳያ ነው፤ ሥራው ውስጥ ነው። በሩ ተዘግቶ ይቅር ካልን፣ ስለ ፈረሶቹ ብዙ እያወቅን ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ስለቆመችው ሴት ምንም አናውቅም። ስለዚህ እኔ ከሚያበሩት ጋር ነኝ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን ከነሱ ጋር ነኝ።

ምንም ያህል ቢለጠጥ የማይወጣም አለ። ያ «ባዶ» ሜዳ ባዶ አልነበረም። ፖኒዎች ይኖሩበት፣ ጎሽ ያድኑበት የነበረ አገር ነው፤ መሬታቸውን በየውሉ እያጡ ቆይተው በ1870ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ሄዱ። ካውንቲው የተመሠረተው በ1877 ነው፤ ስሙም ከአንድ ዓመት በፊት ከነባር ሕዝቦች ጋር ሲዋጋ የተገደለ የጦር መኮንን ስም ነው። ቡቸር ሲደርስ ይሄ ሁሉ አልፏል። ካሜራው ፊት ያልቆመ ሰው ጥላው ውስጥም አይገኝም።

እማዬ ጋ ደረስን።

አንድ ፎቶ አላት፤ ደሴ፣ በ80ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር። ዞሮ የሚያነሣ ፎቶ አንሺ ለፋሲካ መጥቶ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ በርጩማ ላይ ዳንቴል የለበሰ ቴፕ አለ፤ የጎረቤት ነው። ከኋላዋ ጥልፍ አንሶላ ተሰቅሏል። አንሶላው ግን ለወርድ አልበቃም፤ በቀኝ በኩል አንድ ጥቁር ቁራጭ ይቀራል። ታናሽ እህቴ አስፍቶ ለማሳተም ፈልጋ «አጽዳልኝ» ብላ ላከችልኝ። የጠፋው ኔጋቲቭ ነው፤ ያለችን ወረቀቷ ብቻ ናት። ቢሆንም ስካን አድርጌ ያንን ጥግ ትንሽ ከፍ ሳደርገው ጋዜጣው ብቅ አለ። ዓምዶቹ ይለያሉ፤ ርዕሱ ለመነበብ ምንም አልቀረውም።

ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩና አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግድግዳው ነው እማዬ፤ ከአንሶላው የተረፈው።»

«ወይ ጉድ! እና አንሶላውን የሰቀልነው ለምን ሆነና?»

መልሼ አጨለምኩት። እህቴ ያሳተመችው ጥግዋ ጥቁር የሆነውን ነው፤ ሳሎን ተሰቅሏል። ያበራሁትንም አላጠፋሁም፤ «ግድግዳ» ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡና እያፈላች፣ ሳልጠይቃት፣ «እስቲ ያንን አምጣው» አለች። በሁለት ጣት እየለጠጠች ወደ ጥጉ ገባች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄን የለጠፈው አባትህ ነው» አለች። «ሊጡን እኔ አቡክቼለት። አይጥ ሊጡን እየፈለገ ጋዜጣውን ይበላዋል፤ በየዓመቱ ለፋሲካ ነበር የምንቀይረው። እዚህ ጋ፣ ታየህ? ተገልብጦ የተለጠፈ አለ። ቸኩሎ ነው፤ ፎቶ አንሺው ሌላ ሰው ጋ እንዳይሄድ።»

እውነትም ተገልብጧል። እኔ አላየሁትም ነበር።

«ቀስ በይ፣ ልጻፈው» አልኳት።