የአባቴ ስም

ከአባቴ ጋር የተለያየነው ተኳርፈን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ በኋላ ደግሞ የቴአትርን ጥበብ በሩሲያ አገር ልማር ነው ብዬ ብነግራቸው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ፊደል ቆጥረህ ቆጥረህ መጨረሻው አዝማሪ መሆን ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔም ጉልበታቸውን ሳልስም፣ ምርቃታቸውን ሳልቀበል ወጣሁ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ሞስኮ ስደርስ ከሻንጣዬ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነበር።

ባዕድ አገር ሰውን አስቀድሞ የሚነጥቀው አንደበቱን ነው። በአገሬ ግጥም ጽፌ በሰው ፊት ያነበብሁ እኔ፣ እዚያ ዳቦ ለመግዛት በጣቴ የምጠቁም ዲዳ ሆንሁ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን በልጅነቴ የጨረስሁ ሰው፣ በሃያ አራት ዓመቴ 33ቱን የሩሲያ ፊደላት እንደ የኔታ ተማሪ እያዜምሁ እቆጥር ጀመር።

ቀጥሎ የተነጠቅሁት ስሜን ነው። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አለ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ እንደ ሆነ፣ ተከትሎ የሚመጣውም የአባቱ ስም እንጂ የዘር መጠሪያ እንዳይደለ በየትኛው አንደበቴ ላስረዳ? የአባቴ ስም በዚያ ቦታ ገባ። በማግሥቱ የቋንቋ መምህርታችን ስም ሲጠሩ አባቴን ጠሩ። ዝም አልሁ። ደግመው ጠሩ። ሌላ ኢትዮጵያዊ ያለ መስሎኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ። በሦስተኛው ግን ደንግጬ ተነሣሁና በአማርኛ «አቤት!» አልሁ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ቀስ በቀስ የአገሩን ወግ ተማርሁ። ሩሲያውያን የሚያከብሩትን ሰው በስሙ ብቻ አይጠሩትም፤ የአባቱን ስም ያስከትላሉ። መምህርታችንንም የምንጠራቸው በስማቸውና በአባታቸው ስም ነበር፤ «እገሊት የእገሌ ልጅ» እንደ ማለት። ለካ በዚያ አገር አባትን መጥራት ልጅን ማክበር ኖሯል!

በኅዳር ወር፣ በረዶ ሲጥል፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በተተከለው የፑሽኪን ሐውልት ሥር ቆሜ የባለቅኔውን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባልን አሰብሁ። የትውልድ ስፍራው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ በልጅነቱ ከአፍሪካ ምድር ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ማደጉ የታወቀ ነው። የክርስትና አባቱ ንጉሡ ስለ ነበሩ «ፔትሮቪች»፣ ማለትም «የጴጥሮስ ልጅ» ተባለ። ያ ሕፃን የወላጁን ስም ተነጥቆ የንጉሥ ስም ለበሰ። እኔ ግን ማንም ሳይነጥቀኝ፣ በኩርፊያ ጥዬው የመጣሁትን ስም ባዕድ አገር በየማለዳው እያነሣ ያስታቅፈኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ «አባባ፣ እዚህ አገር የሚጠሩኝ በእርስዎ ስም ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

መልሱ የመጣው ከገና በኋላ ነው። እጅ ጽሑፉ የእኅቴ፣ ቃሉ ግን የእርሳቸው ነበር፤ «ስሜ ሲጠራ ቶሎ አቤት በል። በብርድ አታስቁመኝ።»

ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብሁት። አዝማሪ የሚለው ቃል አንድም ስፍራ አልነበረበትም።