ገነተ ልዑል፦ በፊቱ ያለፍንበት ቤት

ስድስት ኪሎ ከተማሩ በገነተ ልዑል ፊት ስንት ጊዜ እንዳለፉ ያስቡት። እኔ ቢዝነስ ስማር ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት እየሮጥኩ አልፈዋለሁ እንጂ አንድም ቀን አልገባሁበትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጄን ይዤ ገባሁ።

በ1920ዎቹ የተሠራው ይህ ቤት የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር። ጣሊያን ሲገባ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ግቢ ነው። የዚያን እልቂት ሐውልት ከበሩ ውጭ ያዩታል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም የታገቱ ሹማምንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለበት።

ደጅ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ሳያዩ አይግቡ። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዘመን አንድ እርከን እየቆጠሩ ሠሩት። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ማርኬቲንግ ላይ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለ መልስ በየትኛውም ማስታወቂያ አላየሁም።

በሙያዬ ዓይን ካየሁት አዳራሹ ለሠርግ ቢከራይ ጥሩ ገቢ አለው። ግን ያንን ሳሎን እያሰብኩ ዋጋ መተመን አልቻልኩም። ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆየው ተማሪና ተመራማሪ ሲገባበት ሲወጣበት መኖሩ ይመስለኛል፤ ያው እግር ግን ወለሉንም ይጨርሳል።

ልጄ የንጉሡን አልጋ አይታ «አሁን ማን ይተኛበታል?» አለችኝ። እርስዎም ሲሄዱ ልጆችዎን እጃቸውን ይያዙ፤ ሁሉንም መንካት ያምራቸዋል።