"ተራመደ ወይ?"

መቼም እኛ ዘንድ አንድ ሰው ስትሮክ መታው ከተባለ የጠያቂው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ተራመደ ወይ?" ንግግሩ ይጎተት፣ ማንኪያው ከእጁ ይውደቅ፣ እሱን የሚጠይቅ የለም።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ በሦስተኛው ወር ተራመደ። እልል ተባለ። እናላችሁ አንድ ቀን ከበረንዳ ወደ ሳሎን ሲገባ የግራ ነጠላ ጫማው ደጅ ወልቆ ቀርቷል። በባዶ እግሩ ሲሚንቶውን ረግጦ ገብቶ ተቀመጠ፤ እኛ እስክንነግረው አላወቀም። የተጎዳው የአንጎሉ ቀኝ ወገን ስለሆነ የደከመው ግራ ጎኑ ነው። ጡንቻው በመጠኑ ተመልሷል፤ ከእግሩ ወደ አንጎሉ ወሬ የሚያደርሰው ግን አልተመለሰም።

ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ "ጋሼ፣ አሁን ደግሞ የእግርዎን ስሜት ነው የምናሠለጥነው" አለችው። የወንድሜ ሚስት ጓዳ ጠርታኝ "ከፍቶታል ማለቷ ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ታድርግ! ለሐዘኑም ለቆዳውም ያለን አንድ "ስሜት" ነው። ስንት ዓመት ተማሪዎቼን ስሜትን ከግጥም ውስጥ ፈልጉ ስል ኖሬ፣ ተረከዝ ሥር ሲፈለግ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ሥልጠናው ለተመልካች ቧልት ይመስላል። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጅቱ መጀመሪያ በደህናው፣ ከዚያ በደካማው እግሩ ሥር ጆንያ፣ ፎጣ፣ ጥጥ ታደርጋለች፤ "ሻካራ ነው ለስላሳ?" አውራ ጣቱን ይዛ "ወደ ላይ ነው ወደ ታች ያደረግሁት?" ሲሳሳት ገልጦ ያይና እንደገና ይሞክራል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብሎ መታሸት አይደለም። አንጎሉ መገመት፣ መሳሳት፣ መታረም አለበት። አንዲት ጎረቤት ግን "ወጌሻ ቢያየው አይሻልም?" ብላለች።

ፍቱን ነው ብዬ አልሰብክም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውስትራሊያ በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ከ21 ሕሙማን መካከል እግራቸውን እንዲህ ያሠለጠኑትም፣ በምትኩ ሰውነት የማፍታታት ልምምድ የሠሩትም ተሻሽለዋል፤ ልዩነታቸው ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም። ብዙው ጥናት ደግሞ የእጅ ነው፤ እግር ተረስቷል።

ግን እስቲ ስሙኝ፤ እግሩ መሬቱን የማይነግረው ሰው የሚራመደው በዓይኑ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ። ታዲያ መብራት ሲጠፋስ? ጋሼ ኮሪደር ላይ የወደቀው እንደዚያ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሚስቱ ድካሙ ይለቀው ብላ ሙቅ ውሃ በጨው አቀረበችለት። ግራ እግሩን ሊነክር ሲል ልጅቱ ጣቷን ሰደድ አድርጋ "ኧረ ይሄ ይልጣል!" ብላ ሳፋውን ገፋችው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በቀኝ እጁ ሳይለካ አይነክርም፤ ትራሱ ሥርም ባትሪ አለ።

ትናንት ልጅቱ በሁለት ሰፊ ሳህን ምስርና ሽንብራ ይዛ መጣች። ምስሩን አወቀው። ሽንብራውን "ባቄላ ነው" አለ። ዓይኑን ሲገልጥ ተናደደ።

"እንደገና አምጪው!" አላት።