አክተር አይሞትም

እኛ ልጆች ሳለን የሲኒማ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ «አክተር አይሞትም።» ፊልሙ የህንድ ይሁን የአሜሪካ ጉዳያችን አልነበረም። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት ውስጥ አክተሩ ከገደል ቢወረወር፣ አሥር ሰው ቢከበው፣ ጥይት ደረቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ ከጎናችን የተቀመጠው ልጅ በክርኑ ጎሸም ያደርገንና «አትፍራ፣ አክተር አይሞትም!» ይለን ነበር። እውነትም አይሞትም።

በኋላ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችኑ ሕግ በትልልቅ ቃላት ሸፋፍኜ አስተምሬያታለሁ። ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ልቀት፣ እልባት… ስንል ከረምን። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ባለታሪኩ እስካለ ድረስ ታሪኩ ይቀጥላል።

በዚህ ዘመን ግን አክተሩን የሚገድለው ባላንጣው መሆኑ ቀርቷል። የሚገድለው የቲኬት ሽያጭ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ ሆሊዉድ የሚኖሩ ሰዎች ሳይሆኑ የአይከል ልጆች ናቸው።

አይከልን ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወደ መተማ ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ የምታገኟት የጭልጋ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ስለሆነች ማለዳ ማለዳ ጋቢ ታስፈልጋችኋለች። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰሊጥ የጫነ መኪና ይወጣበታል፣ የቀን ሠራተኛ ይወርድበታል። ፊልም የሚታየው በየሰው ቤት፣ በስልክና በቴሌቪዥን ነው። የሞባይል ቤቱ ደጃፍ ላይ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ፍላሻችሁን ትሰጣላችሁ፣ ጥቂት ብር ትከፍላላችሁ፣ ሆሊዉድን በኪሳችሁ ይዛችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ። አብዛኛው «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ነው፤ ፈረንጁ ሲያወራ አንድ የእኛ ሰው ከላይ በአማርኛ ይተርክበታል። ተራኪው ሲያሻው ቀልድ ይጨምራል፣ ሲያሻው ጀግናውን ይሰድበዋል።

«ዘ ማርቭልስ» የተባለው ፊልም አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። እናላችሁ… ከፊልሙ ወሬው ቀደመ። ወሬውም የመጣው አዲስ አበባ ካለ የአጎት ልጅ፣ በስልክ ነበር። ኅዳር ላይ ለዘመድ ጉዳይ አይከል ሄጄ፣ አንዲት ልጅ ጀበና የጣደችበት ደጃፍ ቡና ስጠጣ ጎረምሶቹ እንደ ለቀስተኛ ተኮልኩለው አገኘኋቸው።

«ጋሸ፣ ሰሙ?» አለኝ አንዱ። «በመጀመሪያው ሦስት ቀን 46 ሚሊዮን ዶላር ብቻ! ከ33ቱ የማርቭል ፊልሞች የመጨረሻው እኮ ነው!»

«ታዲያ ካንተ ኪስ ስንቱ ጎደለ?» አልኩት።

ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ገንዘቡንስ ማን አየው፣ ጋሸ! ካልሸጠ እኮ ፓርት ቱ አይሠሩላትም።»

ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ «ሴት ስለሆነች ነው» አለ። ቡና የምትቀዳዋ ልጅ ስኒውን አስቀምጣ ቀና አለች፤ «እና በመጀመሪያው ላይ ወንድ ነበረች?» እውነቷን ነው። ይቺው ካፒቴን ማርቭል በ2019 እ.ኤ.አ. በመክፈቻው 153 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታለች። ሁለተኛው ልጅ የተሻለ መልስ ነበረው፤ «ከእሷ ጋር ያሉትን ሁለቱን ለማወቅ መጀመሪያ ሁለት ተከታታይ ድራማ ማየት አለብህ። እሱን ደግሞ ኔት በሌለበት ማን ያወርድልናል?» ሦስተኛው «በዙብን፤ ሰለቸን» ብሎ ዘጋው። የተዋንያኑ የሥራ ማቆም አድማ እንኳ አልተረሳም። ሐምሌ ላይ የጀመረው አድማ ያበቃው ፊልሙ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ስለነበር ተዋንያኑ ፊልማቸውን ዞረው ማስተዋወቅ አልቻሉም።

የምር እላችኋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሒስ ከስንት የክፍል ጽሑፍ አርሜ አላገኘሁም። የዲዝኒ አለቆች ራሳቸው ኋላ ላይ «ፊልም አብዝተናል፣ እንቀንሳለን» ሲሉ የአይከሉ ልጅ ቀድሞ የተናገረውን ነው የደገሙት።

ዝም ብሎ የሰነበተው የሁሉም ታናሽ መጨረሻ ላይ «እንግዲህ አለቀላት ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ልጁ በዚያው ሳምንት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ተነሥቷል። በሐምሌ 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ነበር። ውጤቱ የተነገረው በመስከረም መጨረሻ፣ ፊልሙ ከመከፈቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ ማለትም 27 ሺህ ያህል ነበሩ። እሱ ከእነርሱ መካከል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ «ፓርት ቱ ይመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጆሮዬ ሌላ ድምፅ ያዘ።

ስለ ፊልሙ ከሆነ መልሱ አይከብድም። መክፈቻ ሁሉን አይናገርም። «ባትማን ቢጊንስ» በ2005 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በሦስት ቀን ያገኘው 48 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለእንዲህ ያለ ፊልም ይህ የሚያስጨፍር ቁጥር አይደለም። ሠሪዎቹ ግን ታገሡት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው «ዘ ዳርክ ናይት» 1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በተቃራኒው በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሱፐርማን ሪተርንስ» ከዓለም ዙሪያ 390 ሚሊዮን ያህል ለቅሞም ለ2009 የታሰበለት ተከታይ ቀረ። ያኛውን የሚያምን ሰው ነበረ፣ ይሄኛውን የሚያምን ጠፋ። ሱፐርማን እንኳ በ2013 እና በ2025 እ.ኤ.አ. በሌላ ተዋናይ ተመልሷል።

እስቲ ደግሞ ሆሊዉድን ትተን ወደ አገራችን እንምጣ። ከአይከል ብዙም የማይርቀው ቋራ ያፈራው ካሣ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ክፉኛ ተሸንፏል። የዚያን ሰሞን ሽያጭ ቢቆጠር ኖሮ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሚያሾፉበት መኳንንት «ይኸው፣ አለቀለት» ባሉ ነበር። ካሣ ግን መድፍ ምን እንደሚሠራ ያየው በዚያ ሽንፈት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠራውም ደባርቂን ያልረሳ ሰው ነው። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ራሱን ሠዋ። «አክተር አይሞትም» ያልነው ግን ለካ ለእሱም ይሠራል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እየተቀባበሉ በቴያትርና በልቦለድ አስነሡት። ይህን ያህል ተከታይ ክፍል የወጣለት አክተር የት ይገኛል?

መቼም «ልጁ ሁሉ ካሣ ይሁን» ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ስብከት በየምርቃቱ ሰምተን ጠግበናል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።

እነዚያ ልጆች ፊልሙ ሲወድቅ ምክንያት ሲፈልጉ ያላነሡት ነገር አልነበረም። ጽሑፉን ጠየቁ፣ አሠራሩን ጠየቁ፣ ጊዜውን ጠየቁ፣ አድማውን ቆጠሩ። «ካፒቴን ማርቭል ሰነፍ ስለሆነች ነው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። በፈተናው ጊዜስ? በዚያው ዓመት ከ1 ሺህ 300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ይህ የትምህርት ቤት ወሬ ነው፤ የመጽሐፍ፣ የመምህር፣ የቤተ ሙከራ፣ የሰላም ወሬ ነው። እኛ ግን በየቤታችን ያወራነው ምን ነበር? «የዘንድሮ ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ እየዋለ…» ብለን አረፍነው። ለወደቀ ፊልም ያላነሰ ፍርድ ለወደቀ ልጅ አነሰበት።

ልጁም የሰማውን ያምናል። ያ የሁሉም ታናሽ ስለ ካፒቴን ማርቭል ውድቀት አራት ምክንያት ሲደረደር ሰምቷል። ስለ ራሱ ግን አንድ ብቻ ነበረው። «አልሆንኩም፣ ጋሸ» አለኝ፣ ስለ ውጤቱ ሳነሣበት። ትምህርት ቤቱ ስንት ወር እንደተዘጋ፣ የፊዚክስ መምህር መቼ እንደሄደ እኔው ነኝ እየጠየቅሁ ያስቆጠርኩት። ሲቆጥር ቆይቶ «እሱማ ነው» አለ፣ እንደ አዲስ ነገር። ሰሊጡን አጭዶ ሲመለስ በግል ለመፈተን እንደሚመዘገብ የነገረኝም ከዚያ በኋላ ነው፤ ለመመዝገቢያውም የሰሊጡን ገንዘብ አስቧል።

ፊልሙ በበኩሉ ከዓለም ዙሪያ 206 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለቅሞ፣ ከማርቭል ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተዘጋ። በፍላሽ አይከል የደረሰው ጥምቀት ሰሞን ነው። ያዩት ሰዎች «ያን ያህል መጥፎ አይደለም እኮ» አሉኝ። ይህም አንድ ትምህርት ነው፤ ቁጥሩን ሰምቶ ከመፍረድ ተቀምጦ ማየት ይሻላል።

እናንተም ዘንድሮ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ቁጥሩ በስልክ ሲመጣ ለጊዜው ስልኩን አስቀምጡት። ከዚያ ቡናውን አፍሉና ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ምን እንደጎደለ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ መጽሐፉን፣ መምህሩን፣ የተዘጋውን ወር፣ አዎን፣ የራሱንም ስንፍና። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የሚቀጥለው ክፍል በምን ገንዘብና በማን እገዛ እንደሚሠራ ተነጋገሩ። የፊልሙን ባለቤቶች አሜሪካ ተቀምጠው ማንም ሊያዛቸው አይችልም። የዚህኛው ባለቤቶች ግን እኛው ነን።