ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሠላሳ

ባዝ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በእኛ ዘንድ የምትነሣው በስደት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ የተጠለሉበትና በ1958 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ የሰጡት ፌርፊልድ ሃውስ ዛሬም በስተምዕራብ ቆሟል። ያን አይቶ ሮያል ክረሰንትን ሳያይ የሚመለስ ሰው ግን ብዙ ይቀርበታል።

ከሣር ሜዳው ግርጌ ሆነው ሽቅብ ሲያዩት አንድ ቤተ መንግሥት እንደ ጨረቃ ግማሽ የጎበጠ ይመስላል። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ 30 መኖሪያ ቤቶች ናቸው። አርክቴክቱ ትንሹ ጆን ዉድ ግንባታውን የጀመረው በ1767 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ምድር ቤቱን ያለ ጌጥ ትቶ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ሁለት ፎቆች ባንዴ የሚዘልቁ 114 ዓምዶች ደረደረበት። መሀል ላይ ሲደርሱ ዓምዶቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ካልነገሩት ማንም ልብ አይለውም።

ጉዱ ያለው ከጓሮ ነው። ዉድ የነደፈው ፊቱን ብቻ ነበር። ገዢው ከዚያ ግድግዳ ድርሻውን ይወስድና ከኋላው ያለውን ቤት በራሱ ባለሙያ እንዳሻው ያሠራ ነበር። ጣሪያው እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ ይላል፤ አንዱ መስኮቱን አስፍቷል፣ ሌላው ክፍል ቀጥሎ ወደ ጓሮ ገፍቷል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እወዳለሁ።

ድንጋዩን ደግሞ ተጠግተው ይዩት። ማር የመሰለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጤፍ የሚያካክሉ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተጣብቀው የሠሩት። ከመሬት እንደወጣ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ነፋስ ሲያገኘው ይጠነክራል። የከሰል ጭስ ግን ጠላቱ ነው፤ ከተማዋን አጥቁሯት ኖሮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእጥበት ነው ቀለሟ የተመለሰው። በ1942 የጀርመን ቦምብ ከረድፉ ሁለት ቤቶች አቃጥሎ ነበር፤ ዛሬ ከፊት ለሚያይ የትኞቹ እንደሆኑ አይለይም።

ሜዳውን አቋርጦ «ሃ-ሃ» የሚሉት፣ በቦይ ውስጥ የተደበቀ ግንብ ያልፋል። ከላይ ለሚያይ ሣሩ ያልተቋረጠ ይመስላል፤ ከታች የሚግጥ ከብት ግን ወደ ደጃፍ ዝር አይልም ነበር። ለፊት የተደረገው ጥንቃቄ እስከዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የጓሮው ጠባይ ወደ ፊት ወጣ። በ1970ዎቹ አንዲት ነዋሪ ነጩን በሯን ቢጫ ቀባችው። ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ነጭ መልሺ አላት፤ አሻፈረኝ ብላ ተሟግታ ረታች። በሩ የ22 ቁጥር ነው።