ያጠረችውን ልጅ ሁሉ በወባ አናሳብብ

በመተማ ቆላ አንዲት ልጅ ከእኩዮቿ ካጠረች ምክንያት አይጠፋም። ወባ ደጋግሞ ጥሏታል፣ ካላዛር ይዟት ነበር፣ ሰሊጥ ባልያዘበት ዓመት በደንብ አልበላችም ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። እውነት ባልሆነ ጊዜ ግን የሚጠይቅ የለም።

ለሰሊጥ ገበያ ዘገባ ገንደ ውኃ ሄጄ ሳለ፣ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጇን አሳየችኝ። ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ቁመቷ ግን የ10 ዓመት ልጅ ነው። እናትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የወር አበባም አላየች፤ ወንድሜ፣ እርጉዝ ሆኜ ምች መትቶኝ ይሆን?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ራሷን ስትከስ ኖራለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የልጅቱን ሕመም መሰየም አልችልም። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው አንዱ ግን ተርነር ሲንድረም ነው። ሰው በሴሉ ውስጥ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ከእነዚህም ሴት ሁለት ኤክስ አላት። በተርነር አንዱ ኤክስ ይጠፋል ወይም ይጎድላል። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሴቶች አንዷን ያገኛታል። አጥንት የሚያስረዝመው ጂን በከፊል ስለሚጎድል ቁመት ያጥራል፤ የእንቁላል ማምረቻዋ ቀድሞ ስለሚደክም ደግሞ የሴትነት ሆርሞን ያንሳል። ልብና ታይሮይድም ሊታመሙ ይችላሉ።

ለዚያች እናት መነገር ያለበት ግን ሌላ ነው። ተርነር አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይወረስም፤ ሴል ሲከፈል በአጋጣሚ የሚፈጠር ነው። ምችም ሆነ የእናት ዕድሜ አያመጣውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከአባት የሚመጣው ኤክስ ነው። ይህን ያልኩት ጥፋቱን ወደ አባት ለማዞር አይደለም፤ ያጠፋ ሰው የለም።

ካልታወቀላት ምን ይሆናል? ትዳራለች፣ ሳትወልድ ትቀራለች፣ «መሐን» ተብላ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። በጊዜ ቢታወቅ ግን ከ11 ወይም 12 ዓመቷ ጀምሮ የሚሰጥ ኢስትሮጅን አጥንቷንም ሴትነቷንም ያግዛል። ውድ የሆነው የእድገት ሆርሞንም የሚጠቅመው አጥንት ማደጉን ሳያቆም ነው።

የክሮሞዞም ምርመራ ጤና ኬላ አይሠራም። ለመጠርጠር ግን ሜትርና መዝገብ ይበቃል። የሕፃናት እድገት ክትትላችን ትኩረቱ ከ5 ዓመት በታች ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጅቱን የሚያያት መምህሯ ነው። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ቁመት ቢለኩ፣ ያላደገችውን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ ይቻላል።

ይህን የምታነቡ መምህራን፣ ነገ ክፍላችሁ ስትገቡ የፊት ወንበር ላይ ያለችውን ትንሿን ልጅ ዕድሜዋን ጠይቋት።